አንድ መንደር፣ አንድ ስም፦ አተንቦሮ ከየት መጣ?

በእንግሊዝ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቃል የቀረበና ኋላ በጽሑፍ የተስተካከለ ንግግር። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

በቤቴ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉ። ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የተወለዱ፣ ከአንድ ማዕድ የሚበሉ፣ በአንድ ክፍል ተኝተው በአንድ ብርድ ልብስ የሚጣሉ ናቸው። በዚህ አገር መዝገብ ግን የሁለቱ የቤተሰብ ስም ለየቅል ነው። ታላቁ አዲስ አበባ ስለተወለደ በፓስፖርቱ ላይ የራሱ ስም፣ የእኔ ስም፣ የአባቴ ስም በተራ ሰፍሯል፤ እዚህ ሲደርስ የመጨረሻው ተወሰደና የቤተሰብ ስሙ ታደሰ ሆነ። ታናሹ የተወለደው እዚህ ነው። ልደቱን ላስመዘግብ የሄድሁበት መሥሪያ ቤት ሠራተኛዋ የእኔን ፓስፖርት ተመለከተች። የእኔ ደግሞ በአያቴ ስም ያበቃል፤ አያቴ ገብረ መድኅን ይባላል። ሁለት ቃል ሆኖ ስለተጻፈ ሴትዮዋ የመጨረሻውን ብቻ አንስታ «መድኅን ልበለው?» አለችኝ። የሕጉ ግዴታ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ። በዚያች በአንገቴ ንቅናቄ የመድኅን ቤተሰብ በእንግሊዝ ምድር ተመሠረተ።

ስለ ቤተሰብ ስም አመጣጥ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ በንዴት ነበር። እየቆየ ንዴቱ በረደና ጉጉቱ ቀረ። ዛሬ የማጫውታችሁ በመቶ ሺዎች ስለሚጠሩባቸው ስሞች አይደለም። ብርቅዬ ስለሆነ ስም ነው። ብርቅዬ የምለው ዋልያን ብርቅዬ በምንልበት መንገድ ነው፦ መነሻው አንድ ተራራ የሆነ፣ ቁጥሩ ጥቂት የሆነ። ስሙ አተንቦሮ ነው።

አብዛኛዎቻችሁ ይህን ስም የምታውቁት በሰር ዴቪድ አተንቦሮ ነው። የስሜን ተራሮችን ጭላዳዎች ጭምር በዚያ በማይቸኩል ድምፃቸው ለዓለም የተረኩ የተፈጥሮ ፊልም ሰው ናቸው። እኔም የማውቀው በእሳቸው ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከሌስተር ወደ ኖቲንግሃም በሚሄደው ዘገምተኛ ባቡር ከልጆቼ ጋር ተሳፍሬ ሳለ ባቡሩ ቆመና ታላቁ ልጄ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ሰሌዳ አነበበ። «አባዬ፣ ሰውዬው ባቡር ጣቢያ አላቸው» አለኝ። አተንቦሮ ይላል ሰሌዳው። ጣቢያው የሰውዬው አልነበረም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የቦታው የሆኑት ሰውዬው ናቸው።

አተንቦሮ ከኖቲንግሃም ከተማ በደቡብ ምዕራብ፣ በትሬንት ወንዝ ዳር ያለች መንደር ናት። በስሟ ሁለት ነገር ተጣምሯል። የኋለኛው ክፍል በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቡርህ» የሚባለው ቃል ነው፤ የታጠረ፣ የተመሸገ ስፍራ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ከ«አምባ» የሚቀርበው ቃል አላገኘሁም። ይኸው ቃል በፒተርቦሮ ውስጥ «ቦሮ»፣ በካንተርበሪ ውስጥ «በሪ» ሆኖ ቀርቷል። የፊተኛው ክፍል የሰው ስም ነው፤ አዳ ወይም ለዚያ የቀረበ። ስለዚህ መንደሯ የአዳ አምባ ናት ማለት ነው። ይህ ሰው ማን እንደነበረ፣ ማንን ፈርቶ እንዳጠረ አንድም የሚናገር የለም። አጥሩ ፈርሶ ስሙ ቀረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበት ነገር አለ። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ «አተን» ማለት «ከእገሌ ነገር ዘንድ» ማለት ነበር። ከዚህ የተወለዱ ስሞች ሞልተዋል። ከደኑ ዘንድ የሚኖረው አትዉድ ተባለ። ከመስኩ ዘንድ የሚኖረው አትሊ ተባለ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ክሌመንት አትሊ ስም ይኸው ነው። ይበልጥ የሚያስቀኝ ናሽ ነው። «አተን አሽ» ከአሽ ዛፉ ዘንድ ማለት ሲሆን፣ ሰዎች ቶሎ ቶሎ ሲሉት የፊተኛው ቃል መጨረሻ ያለው «ን» ተሰደደና ዛፉ ላይ ተለጥፎ ናሽ ሆነ። እንግዲህ አተንቦሮንም «አተን» እና «ቦሮ» ብሎ ከፍሎ «ከአምባው ዘንድ» ብሎ መተርጎም ያጓጓል። ያምራልም። ግን መንደሪቱ በስሟ መሐል የሰው ስም ይዛ ቆማለች፤ የስሙ ባለቤቶችም ለብዙ መቶ ዓመታት የተገኙት በዙሪያዋ ነው። ያማረ ትርጉም ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ እኛም አገር ስንቱ የቦታ ስም በተረት በተፈታ።

ወደ ሰው ስምነት እንዴት ተሻገረ? እንግሊዞች ሲፈጠሩ የቤተሰብ ስም ይዘው አልተፈጠሩም። በ1066 ኖርማኖች አገሩን ሲይዙ አብዛኛው ሰው እንደ እኛ በአንድ ስም የሚጠራ፣ ሲያስፈልግ «የእገሌ ልጅ» የሚባል ነበር። ርስት ያላቸው ጌቶች ቀድመው የመሬታቸውን ስም በራሳቸው ላይ አደረጉ፤ ርስቱን ከስሙ ጋር ለልጅ ለማውረድ ይመቻል። ተራው ገበሬ ቀስ እያለ ተከተለ። በ1400 ገደማ አብዛኛው የእንግሊዝ ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ስም ነበረው። በዚህ መካከል ያለው ትልቁ ጉልበት የጸሐፊ ብዕር ነው። በ1377፣ በ1379 እና በ1381 በነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ፤ የመጨረሻው ሕዝቡን እስከ ዐመፅ አደረሰው። ግብር ሰብሳቢ ደግሞ «ጆን» ብሎ ጽፎ ማለፍ አይችልም። በአንድ መንደር ስድስት ጆን አለ። የትኛው ጆን? አንጥረኛው ጆን፣ የሮበርት ልጅ ጆን፣ ቀዩ ጆን፣ ከአተንቦሮ የመጣው ጆን።

«ከአተንቦሮ የመጣው» የምትለውን ልብ በሉልኝ። በጎንደር ከተማ ማንንም «ጎንደሬው» ብሎ የሚጠራ የለም፤ ሁሉም ጎንደሬ ነው። መንዜው መንዜ የሚባለው ከመንዝ ሲወጣ፣ መርካቶ ሱቅ ሲከፍት ነው። እንግሊዝም እንዲሁ ነበር። በአተንቦሮ ውስጥ ተቀምጦ አተንቦሮ የሚባል ሰው የለም። ስሙ የሚለጠፍብህ ከመንደርህ ወጥተህ ሁለት ወይም አምስት ኪሎ ሜትር ርቀህ ሌላ መንደር ስትሰፍር ነው። የቦታ ስም ያለው ቤተሰብ ሁሉ፣ ሥሩ ሲመዘዝ፣ የስደተኛ ቤተሰብ ነው። ይህ ስደት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ አንዳንዱም ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ነው። ግን ስደት ነው።

ብርቅነቱም ከዚሁ ይጀምራል። በእንግሊዝ ከሁሉ የበዛው ስም ስሚዝ ነው፤ በዛሬዋ ብሪታኒያ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ይጠራበታል። ስሚዝ አንጥረኛ፣ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። በየመንደሩ ቢያንስ አንድ ቀጥቃጭ ነበር፤ ስለዚህ ስሙ በሺህ ቦታ በሺህ ሰው ላይ፣ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ በቀለ። (በነገራችን ላይ እኛ አገር ቀጥቃጭን «ቡዳ» እያልን ስናሸሽ ስለኖርን፣ ጸሐፊ መጥቶ «በሙያህ ልጥራህ» ቢለው ሰውየው መዶሻውን ጥሎ በሸሸ ነበር። እንግሊዞቹ ግን በኩራት ተሸከሙት።) አተንቦሮ ደግሞ አንዲት መንደር ናት። ከአንዲት መንደር ስንት ሰው ይወጣል? ከወጡትስ ስንቱ በዚያች ግብር በሚመዘገብባት ሰዓት በመንደሩ ስም ይጠራል?

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድል ነው። ይህን በስሌት ለማየት የሞከሩት እንግሊዛውያኑ ፍራንሲስ ጋልተንና ሄንሪ ዋትሰን ናቸው። ጋልተን የታላላቅ ቤተሰቦች ስም ለምን ይጠፋል የሚለውን ጥያቄ በ1873 በአደባባይ አቀረበ፤ ቄስም የሒሳብ ሰውም የነበረው ዋትሰን መለሰለት፤ በ1874 ሁለቱ ሆነው አሳተሙት። ስሌቱን በእኛ ቤት ምሳሌ ላድርገው። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሆነ ስም ያላቸው 100 ወንዶች አሉ እንበል። ወንድ በአማካይ አንድ ወንድ ልጅ ያሳድጋል፤ ማን ስንት እንደሚወልድ ግን ዕጣ ነው፤ አንዱ ሦስት፣ አንዱ ምንም፣ አንዱ ሴቶች ብቻ። በመጀመሪያው ትውልድ ብቻ 37 ያህሉ ስም ይጠፋል። በአሥረኛው ትውልድ 84 ያህሉ አልቋል። በሃያኛው ከመቶው ስም የሚተርፈው ዘጠኝ ገደማ ነው። ማንም ሳይገደል፣ ማንም ሳይሰደድ። ዋትሰን ስሌቱን ሲጨርስ ስም ሁሉ ውሎ አድሮ ይጠፋል ብሎ ደመደመ፤ እዚህ ላይ ተሳስቷል። ሕዝብ እየበዛ ከሄደ የተወሰነው ይተርፋል።

በእንግሊዝ ዕጣው ሁለት ጊዜ ጠንክሮ ወጥቷል። በ1348 የገባው ታላቁ ወረርሽኝ ከሕዝቡ ሲሦ እስከ ግማሽ ድረስ ጨረሰ፤ ገና በመትከል ላይ ካሉት ስሞች ስንቱን ይዞ እንደሄደ አስቡት። በተቃራኒው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝና የዌልስ ሕዝብ በ1801 ከነበረበት 8.9 ሚሊዮን በ1901 ወደ 32.5 ሚሊዮን ተመነጠቀ። እስከዚያ የደረሰ ስም፣ ብርቅም ቢሆን፣ ከዚያ ወዲያ ለመጥፋት ይከብደዋል። አተንቦሮ እዚያ ደርሷል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ገባሁ።

የአተንቦሮ ስም ባለቤቶች የአንድ ሰው ዘር ናቸው ወይስ ስሙ ብቻ ነው የሚያገናኛቸው? ለብዙ ዘመን ይህን የሚመልሰው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ብቻ ነበር። የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በ1538 ደብሮች ሁሉ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግቡ ስላዘዘ ከዚያ ወዲህ ያለው በመጠኑ ይታያል፤ በአተንቦሮ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1611 የተጠመቀው ዝነኛ ሕፃን ለምሳሌ ሄንሪ አይርተን ነው፤ ኋላ የኦሊቨር ክሮምዌል አማችና የንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊን የሞት ፍርድ ከፈረሙት አንዱ ሆነ። ከ1538 በፊት ያለው ግን ጨለማ ነው። ጨለማውን ያበራው ሳይንስ ከዚሁ አካባቢ፣ ከሌስተር ዩኒቨርሲቲ ነው የወጣው። አሌክ ጄፍሪስ በ1984 የዲኤንኤ አሻራን ያገኘበት ዩኒቨርሲቲ ነው። በኋላም በመኪና ማቆሚያ ሥር የተገኘው አጽም የንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛ መሆኑ የታወቀው እዚያው ነው።

ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከማንም ይልቅ ቀላል ነው። ልጅ ሆነን «ሰባት ቤት ቁጠር» ሲሉን የምንቆጥረው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልን በአባት መስመር ነው። በወንድ ሰውነት ውስጥ ልክ በዚህ መስመር ብቻ የሚጓዝ የዘረመል ክፍል አለ፤ ዋይ ክሮሞሶም ይባላል። አባት ለወንድ ልጁ እንዳለ ይሰጠዋል፤ እናት የለችበትም። የእንግሊዝ የቤተሰብ ስምም ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ በመሆኑ ስሙና ክሮሞሶሙ እንደ ሁለት መንገደኞች በአንድ መንገድ አብረው መውረድ ነበረባቸው። ወርደዋልን?

የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 ባወጡት ጥናት አንድ ዓይነት ስም ያላቸውን፣ ግን ዝምድና የማይተዋወቁ 150 ጥንድ ወንዶችን አነጻጸሩ። በጠቅላላው ሲታይ 24 በመቶ ያህሉ በስማቸው በኩል አንድ ቅድመ አያት አላቸው። ስሙ ብርቅ ሲሆን ዕድሉ ወደ ግማሽ ይጠጋል። በ2009 ደግሞ 40 የእንግሊዝ ስሞችን አንድ በአንድ መረመሩ። ስሚዞች እርስ በርሳቸው ያላቸው ቅርበት በመንገድ ላይ ከሚያገኙት ከማንኛውም ሰው የበለጠ አልነበረም። አተንቦሮዎች ግን ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ወይም አንድ ነው ለማለት የሚቻል ዋይ ክሮሞሶም ይዘው ተገኙ።

ይህን ስትሰሙ «እንግዲያስ የስሙ መሥራች አንድ ሰው ነበር» ትላላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ይጠነቀቃሉ፣ ልክም ናቸው። ቅድም ያሰላነውን ዕጣ አስታውሱ። ከመንደሪቱ አምስት ሰዎች ወጥተው አምስቱም አተንቦሮ ተብለው፣ የአራቱ ዘር በሃያ ትውልድ ውስጥ በሴት ልጅና በወረርሽኝ ተቋርጦ የአንዱ ብቻ ተርፎ ሊሆን ይችላል። አንድ ግንድ ማየት በመጀመሪያው ቀን አንድ ዛፍ እንደነበረ አያረጋግጥም። የቀሩት 30 በመቶ የማይሞሉትስ? ማደጎ ልጅ አለ፤ ርስት ለመውረስ የሚስቱን ቤተሰብ ስም የወሰደ አማች አለ፤ ያላገባች እናት ስሟን የሰጠችው ልጅ አለ። ሌላው ምክንያት ሽማግሌ ባለበት የማይነገር ነው። ሐሜተኞችን የሚያሳዝነው ግን፣ ጥናቱ ያገኘው የዚህ ዓይነቱ ጉዳይ መጠን ሰው ከሚያወራው እጅግ ያነሰ መሆኑ ነው፤ በትውልድ ከአምስት በመቶ በታች።

ከአተንቦሮ ለጥቂት ደቂቃ ልራቅ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የዚህን ታሪክ ጎረቤት ሳልነግራችሁ ብወርድ ደስ አይለኝም። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2007 ባሳተሙት ሌላ ጥናት አንድ አስደንጋጭ ሰው አጋጠማቸው። ነጭ እንግሊዛዊ ነው፤ ቤተሰቡ የሚያውቀው ሌላ ታሪክ የለም። ስሙ በምሥራቅ ዮርክሺር ብቻ የሚገኝ ብርቅዬ ስም ነው። ተመራማሪዎቹ ቤተሰቡን አክብረው ስሙን በጥናቱ አልጻፉትም፤ እኔም አልጠራውም። ዋይ ክሮሞሶሙ ሲመረመር ከሰው ልጅ የአባት መስመሮች ሁሉ ቀድሞ ከተለየው፣ የአፍሪካ ብቻ ነው ከሚባለው ግንድ ሆኖ ተገኘ። በምዕራብ አውሮፓ ከዚያ በፊት ተገኝቶ አያውቅም። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ስም የያዙ 18 ሰዎችን ፈለጉ፤ ሰባቱ ያንኑ ክሮሞሶም ተሸክመዋል። መዝገብ ሲገላበጥ ሰባቱ በሁለት የዘር ሐረግ ተከፈሉ፤ የሁለቱም ሐረግ አባቶች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዮርክሺር የኖሩ ናቸው። ሁለቱ ሐረጎች የሚገናኙት ከዚያ ጥቂት ትውልድ ቀደም ብሎ ነው።

አፍሪካዊው አባት መቼ መጣ? በሮማውያን ዘመን በሰሜን እንግሊዝ የሐድሪያን ግንብ ላይ የሰሜን አፍሪካ ወታደሮች ሰፍረው እንደነበር ይታወቃል። በባሪያ ንግድ ዘመንም ብዙ ምዕራብ አፍሪካውያን ወደዚህ አገር መጥተዋል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የሚያስችል ማስረጃ ግን አልተገኘም። ይህን ስናገር ፊታችሁ ላይ የማየውን አውቀዋለሁ። «የእኛ ሰው ነው» ልትሉ ነው። አይደለም። የዚህ ጥንታዊ ግንድ ሌሎች ቅርንጫፎች በኢትዮጵያውያን ዘንድ መኖራቸው እውነት ነው፤ የዮርክሺሩ ቅርንጫፍ ግን የተመሳሰለው ከምዕራብ አፍሪካዎቹ ጋር ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሰባት ሰዎች፣ ቆዳቸው ነጭ፣ አነጋገራቸው የዮርክሺር፣ ለሁለት መቶ ዓመት ማንም ያልጠረጠራቸው። ምስጢሩን የጠበቀላቸው ብርቅዬ ስማቸው ነው፤ ያወጣባቸውም ያው ስም ነው። ስማቸው ስሚዝ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹን ስድስት ማን ያገኛቸው ነበር?

ወደ አተንቦሮ። በአማርኛ «የበዛ» እና «የታወቀ» ሁለት ነገር ናቸው፤ ይህ ስም ሳይበዛ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የታወቀበት ነገር ለዛሬዎቹ አድናቂዎች ላያስደስት ይችላል፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን አተንቦሮ ሲባል ሰው የሚያስታውሰው በመያዣ የሚያበድሩ ነጋዴዎችን ነበር። ሰዓትህን አስይዘህ ብር የምትወስድበት ሱቅ። ዛሬ የምናውቀው ቤተሰብ የመጣው ግን ከስቴፕልፎርድ ነው። ፍሬድሪክ አተንቦሮ በ1887 እዚያ ተወለዱ፤ አባታቸው ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ስቴፕልፎርድ ከአተንቦሮ መንደር በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ገደማ ናት! ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ስሙ ገና ከተነሣበት መንደር ጥላ አልወጣም። ብርቅዬ ስሞች እንዲህ ናቸው፤ እንደ ዋልያው ከገደላቸው አይርቁም።

ፍሬድሪክ የጥንቱን እንግሊዝ የሚያጠኑ ምሁር ሆኑ፤ በ1922 የመጀመሪያዎቹን የእንግሊዝ ነገሥታት ሕግጋት ከትርጉም ጋር አሳተሙ። የራሳቸው ስም የተሠራበትን ቋንቋ ነው ያጠኑት። ከ1932 እስከ 1951 በሌስተር የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ኃላፊ ነበሩ፤ ኮሌጁ ኋላ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እንግዲህ ልብ አድርጉልኝ፦ የአተንቦሮ ስም ባለቤቶች ዘረመል የተመረመረው ፍሬድሪክ አተንቦሮ በመሩት ተቋም ነው። ይህን ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው አርታኢው «በዛ» ብሎ ይሰርዝበት ነበር።

ከልጆቻቸው ሪቻርድ ተዋናይና የፊልም አዘጋጅ ሆኑ፤ ዴቪድ የቀረውን ሠሩ። በመንደሪቱ አጠገብ ከ1929 ጀምሮ ጠጠር ሲቆፈርበት የኖረ ሜዳ ነበር፤ ጉድጓዶቹ በውኃ ተሞልተው ወፎች ሰፈሩባቸውና የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ሆነ። በ1966 መርቀው የከፈቱት ዴቪድ አተንቦሮ ናቸው። አተንቦሮ አተንቦሮን መረቀ። ከዚያ በኋላ ስሙ ሰውን ትቶ በፍጥረት ላይ መራባት ጀመረ። የጥንት የባሕር ተሳቢ እንስሳ ቅሪተ አካል በስማቸው ተጠራ። በፊሊፒንስ ተራራ ላይ ነፍሳት የሚያጠምድ ባለ እንስራ ተክል ተጠራ። በኢንዶኔዥያ ፓፑዋ፣ በሳይክሎፕስ ተራሮች የሚኖር፣ እሾህ የለበሰ፣ አጥቢ ሆኖ እንቁላል የሚጥል ኤኪድና በ1998 በስማቸው ተሰየመ። ሳይንስ ይህን እንስሳ የሚያውቀው በ1961 በተያዘ አንድ ናሙና ብቻ ነበር፤ ጠፍቷል ሲባል በ2023 በደን ውስጥ በተተከለ ካሜራ ፊት ሲያልፍ ታየ። ብርቅዬው ስም ብርቅዬ እንስሳ አገኘ። በ2016 ደግሞ ሕዝቡ ለአንድ የዋልታ ምርምር መርከብ ስም እንዲያወጣ ሲጠየቅ «ቦቲ ማክቦትፌስ» የሚል ቀልድ መርጦ ባለሥልጣናቱን አስጨነቀ፤ መርከቡ በመጨረሻ ሰር ዴቪድ አተንቦሮ ተባለ፤ ቀልዱ ለአንዲት ትንሽ ሰው አልባ ሰርጓጅ ተሰጠ። እንግዲህ አጥሩ ለፈረሰው ለዚያ ለአዳ ማን በነገረው፤ አምባው አንታርክቲክ በረዶ ይሰብራል።

ስለ እኛ አንድ ነገር ብዬ ልውረድ። እንግሊዞች በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩበት ቦታ ላይ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሰዎች ዛሬ ቆመናል። ስማችን የሚንቀሳቀስ ስም ነው፤ በየትውልዱ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ አያት ወደ ኋላ ይቀራል። እዚህ ስንደርስ ጸሐፊ በብዕሩ ያቆመዋል። የቆመበት ቦታ ደግሞ ዕጣ ነው፦ አንዱ በአባቱ፣ አንዱ በአያቱ፣ አንዱ በራሱ ስም። ኃይለ ሥላሴ ተከፍሎ ሥላሴ የሚባል ቤተሰብ አለ፤ ወልደ ማርያም ተከፍሎ በማርያም የሚጠራ ወንድ አለ። እነዚህ የጽሕፈት ስሕተቶች ናቸው። ናሽም የጽሕፈት ስሕተት ነበር። ሴቶቻችን ደግሞ ሲያገቡ የአባታቸውን ስም አይለቁም፤ ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት፣ ታላቅና ታናሽ፣ አራት ሰው በአራት ስም ይኖራል። የትምህርት ቤት ሠራተኞች ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም። ይህን ያወቀ ወላጅ ቅጹን ሲሞላ እንደ እኔ ራሱን ከመነቅነቁ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ በዚህ አገር ወላጅ ለልጁ የፈለገውን የቤተሰብ ስም መምረጥ ይችላል። እኔ ይህን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ትናንት ማታ ይህን ንግግር እራት ላይ ለልጆቼ አነበብሁላቸው። ታላቁ ኤኪድናው ላይ ሳቀ። ታናሹ፣ መድኅን ነው እንግዲህ፣ ማንኪያውን አስቀምጦ ረዘም ያለ ጊዜ አሰበና «እኔ ከ37ቱ ነኝ ወይስ ከ63ቱ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የምመልሰው አጥቼ እናቱን አየሁ። እሷም «አንተ መጀመሪያ ሽሮህን ጨርስ» አለችው።